የግሥ ጊዜያት፤ በአማርኛ አስበን በእንግሊዝኛ ስንናገር

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት ስለ እንግሊዝኛ ግሦች ጊዜያት ነው። ርእሱ ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም። በአገር ቤት ሳለን መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈውልን «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያልን በአንድ ድምፅ ያጠናነው ነው። ይሁን እንጂ ሠንጠረዡን በቃል መያዝ አንድ ነገር ነው፤ በመርማሪ፣ በሐኪም ወይም በቀጣሪ ፊት ተቀምጦ ተገቢውን ግሥ መምረጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

የሚያስቸግረን የችሎታ ማነስ አይደለም። አማርኛ የራሱ የሆነ ሙሉ የጊዜ ሥርዓት ያለው ቋንቋ ነው። ያንን ሥርዓት ይዘን ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር ግን የሁለቱ ቋንቋዎች ድንበር አይገጥምም። አማርኛ በአንድ ግሥ የሚያጠቃልለውን እንግሊዝኛ ለሁለት ይከፍለዋል፤ እንግሊዝኛ የሚያጠቃልለውንም አማርኛ የሚለይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በዚህ ትምህርት አጥብቀን የምናሳስበው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ግሥ ከመምረጣችን በፊት «ይህ ነገር አልቋል ወይስ እስከ አሁን ይዘልቃል?» ብለን ራሳችንን እንድንጠይቅ ነው። ይህን ጥያቄ ልማድ ያደረገ ሰው ከሚፈጽማቸው የጊዜ ስሕተቶች አብዛኞቹን ያስወግዳል።

፩. ስለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን?

በገበያና በአውቶቡስ ላይ የጊዜ ስሕተት እምብዛም አይጎዳም። ኪፕሊንግ ጣቢያ ቆሞ «የስተርዴይ አይ ጎ ቱ ወርክ» ያለን ሰው አድማጩ «የስተርዴይ» ከሚለው ቃል ተነሥቶ ይረዳዋል፤ ነገሩም በዚያው ያልፋል። ቃላችን በመዝገብ ተይዞ በሚመረመርበት ቦታ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፍም።

በካናዳ የጥገኝነት ጥያቄን የሚመረምረው የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ቦርድ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ1985 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሲንግ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ የአመልካቹ ተኣማኒነት በሚመዘንበት ጊዜ አመልካቹ በአካል ቀርቦ ቃሉ ሊሰማ እንደሚገባ አረጋግጦ ነበር። መብቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን አመልካቹ አስቀድሞ በጽሑፍ ያቀረበው ታሪክና በችሎት የሚናገረው ቃል ጎን ለጎን እንዲመዘኑ ያደርጋል። ሁለቱ ሲለያዩ ምክንያቱ ይጠየቃል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ወንድሙ እስከ ዛሬ በእስር ላይ ያለበት ሰው «ማይ ብራዘር ዋዝ ኢን ፕሪዝን» ቢል፣ አድማጩ «ታስሮ ነበር፤ አሁን ተፈቷል» ብሎ ይረዳዋል። በጽሑፉ ላይ ግን «ማይ ብራዘር ሃዝ ቢን ኢን ፕሪዝን ሲንስ 2021» ተብሎ ሰፍሮ ከሆነ፣ አንዱ ቃል ወንድሙን ሲፈታው ሌላው በእስር ያቆየዋል። ተናጋሪው አልዋሸም፤ ግሡ ግን ያልተናገረውን ተናግሮበታል።

በዚህ ምክንያት በችሎት በራስ ቋንቋ መናገር የሚያሳፍር ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 የጸደቀው የካናዳ የመብቶችና የነጻነቶች ቻርተር በ14ኛው አንቀጽ፣ የችሎቱን ቋንቋ የማያውቅ ተከራካሪ ወይም ምስክር አስተርጓሚ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። «አስተርጓሚ ካለልኝ ታዲያ ሰዋስው መማር ለምኔ?» የሚል ቢኖር መልሳችን ይህ ነው፤ ተተርጉሞ የተጻፈልንን ወረቀት ፈርመን የምንሰጠው እኛ ነን። «ሃድ» እና «ሃዝ» ያላቸውን ልዩነት የሚያውቅ ሰው ከመፈረሙ በፊት «ይህ ቃል ይታረምልኝ» ለማለት ይችላል።

ከዚህ በተጨማሪ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 54 ዓመት የሆኑ የካናዳ ዜግነት አመልካቾች በማዳመጥና በመናገር የካናዳ ቋንቋ መመዘኛ አራተኛ ደረጃ ላይ መድረሳቸውን ማስረዳት አለባቸው። ከዚህ ደረጃ መስፈርቶች አንዱ ቀላል የሰዋስው ሥርዓትንና የግሥ ጊዜያትን መጠቀም መቻል ነው።

፪. አማርኛችን ጊዜን እንዴት ይከፍላል?

ሰዋስው ማለት በግእዝ መሰላል ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ግሥ ሲያወርድ ኃላፊ፣ ትንቢት፣ ዘንድ፣ ትእዛዝ እያለ አንቀጾቹን ይለያል። ያለፈው ኃላፊ ይባላል፤ ትንቢት የሚባለው ደግሞ አሁን የሚደረገውንም ወደፊት የሚደረገውንም ይይዛል። አማርኛችንም ከዚህ ብዙ አልራቀም። «እሠራለሁ» የሚለው ግሥ የዘወትር ሥራንም የነገ ሥራንም ያመለክታል፤ የትኛው እንደሆነ የምናውቀው «ዘወትር» ወይም «ነገ» ከሚለው ቃል ነው። እንግሊዝኛ ግን «አይ ወርክ» እና «አይ ዊል ወርክ» ብሎ ግሡን ራሱን ይለየዋል።

በኃላፊው ወገን አማርኛ ሀብታም ነው። «ሄድኩ»፣ «ሄጃለሁ»፣ «ሄጄ ነበር»፣ «እሄድ ነበር»፣ «እየሄድኩ ነበር» እንላለን። በትምህርት ቤት «ሄጃለሁ» የቅርብ ኃላፊ፣ «ሄጄ ነበር» የሩቅ ኃላፊ ተብለው ተምረናል። እነዚህን ከእንግሊዝኛ ጋር አንድ ለአንድ ለማጣመር መሞከር ነው ብዙ ጊዜ የሚያሳስተን።

የአማርኛው ኃላፊ ሁልጊዜ ያለፈ ነገር ያመለክታል ማለትም አይደለም። ቡና ቤት ተቀምጠን አስተናጋጁን ስንጠራው ገና ከቦታው ሳይነቃነቅ «መጣሁ!» ይለናል። ከዘመድ ቤት ልንወጣ ስንነሣ «በሉ እንግዲህ ሄድኩ» እንላለን። «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ገባኝ» የሚሉትም መልካቸው ኃላፊ ሲሆን ምስጢራቸው የአሁን ነው። መልካቸውን ይዘን ብንተረጉማቸው ስሕተት ይሆናል። «ገባኝ» ለማለት «አይ አንደርስታንድ»፣ «መጣሁ» ለማለት ደግሞ «አይ አም ካሚንግ» ይባላል።

፫. ያለቀና እስከ አሁን የሚዘልቅ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እንግሊዝኛ ባለፈ ነገር ላይ ሁለት መንገድ አለው። የመጀመሪያው ሲምፕል ፓስት የሚባለው ሲሆን በታወቀ ጊዜ ተጀምሮ ለተዘጋ ነገር ያገለግላል። ሁለተኛው ፕረዘንት ፐርፌክት የሚባለው፣ «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» ከፊቱ የሚቀድመው ሲሆን፣ አንድ እግሩ በኋላ ሌላው እግሩ በዛሬ ላይ ለቆመ ነገር ነው።

የምንኖርባትን ኢቶቢኮን ራሷን ምሳሌ እናድርጋት። ኢቶቢኮ እ.ኤ.አ. እስከ 1997 መጨረሻ ድረስ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች፤ በጥር 1 ቀን 1998 ከቶሮንቶ ጋር ተዋሐደች። ስለዚህ «ኢቶቢኮ ዋዝ ኤ ሲቲ» እንላለን፤ ዘመኑ ተዘግቷልና። «ኢቶቢኮ ሃዝ ቢን ፓርት ኦቭ ቶሮንቶ ሲንስ 1998» እንላለን፤ ይህ እስከ ዛሬ ይዘልቃልና። በአማርኛ ሁለተኛውን «ከ1998 ጀምሮ የቶሮንቶ ክፍል ናት» ብለን በአሁን ጊዜ እንናገረዋለን። ከዚህ የተነሣ ብዙዎቻችን «ኢዝ ... ሲንስ» እንላለን። «አይ አም ሂር ሲንስ 2019» የሚለው የተለመደ ስሕተት የተወለደው ከዚህ ነው። ትክክለኛው «አይ ሃቭ ቢን ሂር ሲንስ 2019» ነው።

«ሲንስ» እና «ፎር» የሚሉትን ቃላት እንዲህ እንለያቸው። «ሲንስ» ነገሩ የጀመረበትን ነጥብ ይነግራል፤ «ከ...ጀምሮ» እንደ ማለት ነው። «ፎር» የቆየበትን ርዝመት ይነግራል። «ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው» የሚለውን ያማረ አማርኛችንን ቃል በቃል መተርጎም አይቻልም፤ «አይ ሃቭ ቢን ሂር ፎር ስሪ ዪርስ» ብለን አሳቡን እንወስዳለን።

በሥራ ቅጥር ጥያቄ ላይ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። «ሃው ሎንግ ዲድ ዩ ወርክ ዜር?» ብሎ የጠየቀ ቀጣሪ ሥራውን እንደ ለቀቅን ያውቃል። «ሃው ሎንግ ሃቭ ዩ ወርክድ ዜር?» ያለው ግን አሁንም በዚያ የምንሠራ መስሎታል። ጥያቄው በየትኛው ጊዜ እንደ ቀረበ ማዳመጥ የመልሱ ግማሽ ነው። ሥራውን ለቅቀን ከሆነ «አይ ወርክድ ዜር ፎር ቱ ዪርስ» ብለን በሲምፕል ፓስት እንመልስለት።

ሌላም ጥቅም አለው። «ታስረህ ታውቃለህ?» የሚለውን እንግሊዝኛ «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን አሬስትድ?» ይለዋል። አማርኛችን «ማወቅ» የሚለውን ግሥ የሚጨምርበትን እርሱ በ«ሃቭ» እና በ«ኤቨር» ይፈጽመዋል። ጥያቄው የሚመለከተው ከልደት እስከ ዛሬ ያለውን ዕድሜ ሁሉ ነው። አዎን ካልን በኋላ «ዌን?» ተብለን ስንጠየቅ ግን ቀኑ ይታወቃልና «አይ ዋዝ አሬስትድ ኢን 2016» ብለን ወደ ሲምፕል ፓስት እንመለሳለን። ዓመተ ምሕረት ተጠርቶ ያለቀ ነገር ሲነገር «ሃቭ» ስፍራ የለውም።

፬. «ነበር» የሚያመጣው ፈተና

«ነበር» በአማርኛ የብዙ ሥራ ባለቤት ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ዋዝ» ያን ሁሉ ሥራ አይሠራም። «ሄጄ ነበር» ለማለት «አይ ዋዝ ዌንት» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ እንዲህ ያለ እንግሊዝኛ የለም። ሦስቱን የ«ነበር» ዓይነቶች እንዲህ እንለያቸው።

«እየሄድኩ ነበር» በመካከል ላይ የነበረ ድርጊት ነው፤ «አይ ዋዝ ጎይንግ» ይባላል። «እሄድ ነበር» የቀድሞ ልማድ ነው፤ «አይ ዩዝድ ቱ ጎ» ይባላል። «ሄጄ ነበር» ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብቻውን ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ «አይ ዌንት» ይበቃዋል። ከሌላ ያለፈ ድርጊት አስቀድሞ የተፈጸመ ሲሆን ደግሞ ፓስት ፐርፌክት የተባለውን፣ በ«ሃድ» የሚነገረውን ይወስዳል።

ይህ የመጨረሻው ልዩነት ጥቃቅን መስሎ ትልቅ ነገር ይሸከማል። «ዌን ዘ ፖሊስ ኬም፣ ማይ ብራዘር ሌፍት» ማለት ፖሊሶች ሲመጡ ወንድሜ ያን ጊዜ ወጣ ማለት ነው። «ዌን ዘ ፖሊስ ኬም፣ ማይ ብራዘር ሃድ ሌፍት» ማለት ግን ሳይመጡ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር ማለት ነው። በመጀመሪያው ወንድምየው ፖሊሶቹን አይቶ ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛው አላያቸውም። «እንዴት አመለጠ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሁሉ በዚህች በአንዲት «ሃድ» ላይ ይቆማል።

፭. በሐኪም ፊት

ሕመምን በሚመለከት አማርኛችን «አመመኝ»፣ «አሞኛል»፣ «ያመኛል»፣ «ያመኝ ነበር»፣ «ሲያመኝ ሰነበተ» እያለ በጥሩ ሁኔታ ይለያል። ሐኪሙም ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሕመሙ አሁን አለ? ቆሟል? ከመቼ ጀምሮ ነው?

እዚህ ላይ «ኸርት» የሚለውን ግሥ ልብ እንበል። ይህ ግሥ በኃላፊም መልኩን አይለውጥም። ስለዚህ «ማይ ስቶማክ ኸርትስ» ማለት ሆዴን ያመኛል ማለት ሲሆን፣ «ማይ ስቶማክ ኸርት» ማለት አሞኝ ነበር ማለት ይሆናል። በንግግር የምንውጣት ያች የመጨረሻዋ የ«ስ» ድምፅ ብቻዋን የጊዜውን ልዩነት ትሸከማለች። ሕመሙ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖት አሁንም ካለ «ኢት ሃዝ ቢን ኸርቲንግ ፎር ስሪ ዊክስ» እንበል።

መድኃኒትን በሚመለከትም «አር ዩ ቴኪንግ ኤኒ ሜዲኬሽን?» ብላ ነርሷ ስትጠይቅ፣ ግሡ «እየወሰድክ ነው?» ስለሚመስል አሁን በዚህች ደቂቃ እየዋጥን እንደሆነ የተጠየቅን ሊመስለን ይችላል። የጠየቀችው ግን በእነዚህ ቀናት የምንወስደው መድኃኒት መኖሩን ነው። ዘወትር ጠዋት የደም ግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው በዚያች ሰዓት ባይውጥም መልሱ «የስ» ነው። «አይ ቴክ» ዘወትር እወስዳለሁ፣ «አይ ቱክ» ወሰድኩ፣ «አይ ሃቭ ቴክን ኢት ቱዴይ» የዛሬውን ወስጃለሁ ማለት መሆኑን ከሐኪም ቤት በፊት በቤታችን እንለማመድ።

፮. «አዎን» ወይስ «አይደለም»?

ይህ ከግሥ ጊዜ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ሌላ ወጥመድ ነው። በአማርኛ «አላመለከትክም?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ካላመለከተ «አዎ፣ አላመለከትኩም» ይላል፤ «አዎ» የሚለው «ያልከው እውነት ነው» ለማለት ነው። እንግሊዝኛ ግን ጠያቂውን ሳይሆን ድርጊቱን ይመለከታል። «ሃቭንት ዩ አፕላይድ?» ተብሎ «የስ» ያለ ሰው «አመልክቻለሁ» ማለቱ ነው። ያላመለከተ ሰው «ኖ፣ አይ ሃቭንት» ማለት አለበት። ስለዚህ በአሉታ ለቀረበ ጥያቄ «የስ» ወይም «ኖ» ብለን ብቻ አንቁም፤ ግሡን ጨምረን እንመልስ። ግሡ ከተጨመረ አድማጩ አይሳሳትም።

፯. ቀንና ሰዓት

የግሥ ጊዜ ከቀን ጋር ተጣምሮ ስለሚነገር የዘመን አቆጣጠራችንንም ማስተካከል ይገባናል። የኢትዮጵያ ዓመት ከመስከረም 1 ቀን እስከ ፈረንጆች ታኅሣሥ መጨረሻ በሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ በስምንት ዓመት ከእነርሱ ያንሳል። ለምሳሌ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የሚባለው ቀን በእነርሱ ሜይ 28 ቀን 1991 ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974 ነው። የመጀመሪያውን ስንመልስ ስምንት፣ ሁለተኛውን ስንመልስ ሰባት መጨመራችንን አስተውሉ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስንል እነርሱ 8 ሰዓት ይላሉ። ግሡ ተስተካክሎ ቀኑ ቢሳሳት ድካማችን ከንቱ ይሆናል።

፰. መልመጃ

ከዚህ በታች ያሉትን ዐረፍተ ነገሮች መልሱን ከማየታችሁ በፊት በእንግሊዝኛ ሞክሯቸው። በእያንዳንዱ ላይ «አልቋል ወይስ ይዘልቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ከ2019 ጀምሮ ኢቶቢኮ እኖራለሁ።
2. አዲስ አበባ ስድስት ዓመት አስተምሬ ነበር፤ ከዚያ ለቀቅኩ።
3. እኅቴ እስከ ዛሬ ካርቱም ናት።
4. ደብዳቤው ሲደርሰኝ ቀኑ አልፎ ነበር።
5. ልጅ ሳለሁ በእግሬ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር።
6. ነገ ሐኪም አያለሁ።

መልስ፦

1. «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ኢቶቢኮ ሲንስ 2019»። ኑሮው እስከ አሁን ይዘልቃል።
2. «አይ ቶት ኢን አዲስ አበባ ፎር ሲክስ ዪርስ»። «ነበር» ቢኖርም «ዋዝ» ወይም «ሃድ» አያስፈልገውም፤ ሥራው አልቋል።
3. «ማይ ሲስተር ኢዝ ስቲል ኢን ካርቱም»። የጀመረበት ቀን ስላልተጠራ የአሁኑ ጊዜ ይበቃል።
4. «ዌን ዘ ሌተር ኬም፣ ዘ ዴት ሃድ ፓስድ»። የቀኑ ማለፍ ከደብዳቤው መድረስ ይቀድማል።
5. «ዌን አይ ዋዝ ኤ ቻይልድ፣ አይ ዩዝድ ቱ ዎክ ቱ ስኩል»። ዛሬ የቀረ ልማድ ነው።
6. «አይ አም ሲይንግ ዘ ዶክተር ቱሞሮው»። አስቀድሞ ለተቀጠረ ነገር እንግሊዝኛ ይህን መልክ ይወድዳል፤ «አይ ሲ» ግን የዘወትር ይመስላል።

ይህን መልመጃ ብቻችሁን ከማንበብ ይልቅ ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ አንዱ እየጠየቀ ሌላው እየመለሰ ብትለማመዱት ፍሬው ይበዛል። በቤታችሁ እንግሊዝኛን ከእናንተ ቀድመው የያዙ ልጆች ካሉ ጠያቂ አድርጓቸው፤ እናንተ ደግሞ «ሄድኩ»፣ «ሄጃለሁ»፣ «ሄጄ ነበር» በሚሉት መካከል ያለውን የአማርኛ ልዩነት አስተምሯቸው። የሰዋስው መጻሕፍትን የቶሮንቶ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በየቅርንጫፉ ያለ ክፍያ ያውሳል። የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው ሊንክ የተባለው የቋንቋ ትምህርትና የትምህርት ቦርዶቹ የጎልማሶች ክፍሎችም አሉ፤ ማን እንደሚቀበሉ ሲመዘገቡ ይጠየቃል።

በመጨረሻም ተርጉመው የሰጧችሁን ማንኛውንም የቃል ጽሑፍ ከመፈረማችሁ በፊት እርሳስ ይዛችሁ አንብቡት። «ዋዝ»፣ «ሃዝ» እና «ሃድ» ባሉበት ሁሉ መስመር አስምሩና ያለቀውን ካላለቀው ለዩ። ያልገባችሁን አስተርጓሚውን ጠይቁት፤ የተሳሳተውን ሳይፈረም አሳርሙት። የሕይወታችሁን ታሪክ ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለምና፣ በወረቀቱ ላይ የሰፈረውም እናንተ የምታውቁት ሆኖ ይገኝ።